የአለን የሴል ዓይነቶች ዳታቤዝ ከሀዋሳ ሲታይ፦ ኒውሮን ለመመደብ የሚበቃበትና የማይበቃበት

ኒውሮንን (የነርቭ ሴልን) በሥዕል ብቻ ሳይሆን በቁጥርም መለየት መማር ለሚፈልግ ሰው፣ በነፃ ከሚገኙት ነገሮች ሁሉ የአለን የአንጎል ሳይንስ ኢንስቲትዩት የሴል ዓይነቶች ዳታቤዝን የሚያህል የለም። ኢንስቲትዩቱ ፖል አለን እ.ኤ.አ. በ2003 ሲያትል ላይ ያቋቋመው የምርምር ተቋም ነው። ዳታቤዙ በ2015 ለሕዝብ ተከፈተ፤ በ2017 ደግሞ ከሰው አንጎል የተወሰዱ ኒውሮኖች ተጨመሩበት። ክፍያ የለውም፣ ምዝገባም አይጠይቅም። ይህ ግምገማ የተጻፈው ሀዋሳ ላይ ሆነው ሊጠቀሙበት ለሚያስቡ ነው፦ ለሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ተማሪዎች፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት ለሚፈልጉ የባዮሎጂ፣ የስታትስቲክስና የኮምፒውተር ሳይንስ ልጆች፣ እንዲሁም ኒውሮፊዚዮሎጂን ያለ መቅጃ መሣሪያ ለሚያስተምሩ መምህራን።

ክፍል ውስጥ ትምህርቱ የሚጀምረው ከቅርጽ ነው፤ ከሴሉ አካል በሚወጡት ቅርንጫፎች ብዛት ዩኒፖላር፣ ባይፖላር፣ መልቲፖላር ይባላል። ይህ አከፋፈል የሬቲናን ባይፖላር ሴል ከአከርካሪ ገመድ ሞተር ኒውሮን ለመለየት ይበቃል። ኮርቴክስ ላይ ሲደርስ ግን ያልቅበታል፤ አብዛኞቹ ኒውሮኖች መልቲፖላር ናቸውና። ጎን ለጎን ከተቀመጡ ሁለት መልቲፖላር ሴሎች አንዱ ግሉታሜት ለቅቆ ጎረቤቱን ያነሣሣል፣ ሌላው ጋባ ለቅቆ ዝም ያሰኛል። ካሚሎ ጎልጂ በ1873 ያገኘውን የብር ቀለም ተጠቅሞ ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል የሣላቸው ሴሎች እስከ ዛሬ ያስደንቃሉ፤ ሁለቱም በ1906 የኖቤል ሽልማቱን ተጋርተዋል። ይሁን እንጂ ቀለም የገባው ሴል ቅርጹን እንጂ በሕይወት ሳለ በምን ፍጥነት ስፓይክ (ሴሉ መልእክት ሲልክ የሚያወጣው አጭር የኤሌክትሪክ ምት) ያወጣ እንደነበር አይነግርም። ስለዚህ የዛሬ አመዳደብ ሦስት ማስረጃ ይጠይቃል፦ የሴሉ ቅርጽ፣ የኤሌክትሪክ ጠባዩና በውስጡ የሚሠሩት ጂኖች። የዚህ ዳታቤዝ ትልቁ ዋጋ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ከአንድ ሴል ላይ ለክቶ ማስቀመጡ ነው። ሦስተኛውን በተመለከተ ፍንጭ ብቻ ይሰጣል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚያ ላይ ነው።

በውስጡ የኤሌክትሪክ መለኪያ ያላቸው 2,333 ሴሎች አሉ፤ 1,920ዎቹ የአይጥ፣ 413ቱ የሰው ናቸው። የአይጦቹ በአብዛኛው ከእይታ ኮርቴክስ የተወሰዱ ናቸው። የሰዎቹ ደግሞ በሚጥል በሽታ ወይም በዕጢ ምክንያት የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሲደረግ መውጣት ከነበረበት ሥጋ የተገኙ ናቸው። አሠራሩ ይህ ነው፦ አንጎሉ ወደ 350 ማይክሮሜትር ውፍረት ባላቸው ስስ ቁራጮች ይከፈላል፤ ቁራጩ ኦክስጅን ባለው ፈሳሽ ውስጥ በ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀመጣል፤ ጫፏ እጅግ የቀጠነች የመስታወት ፒፔት ሴሉ ላይ ትጣበቃለች፤ ከረንት እየተላከ ቮልቴጁ ይቀዳል። ፒፔቷ ውስጥ ያለው ባዮሳይቲን ቅርንጫፎቹን ስለሚሞላ፣ ቁራጩ በኋላ ቀለም ሲገባ ሴሉ በሙሉ ቅርጹ ይታያል። ከሴሎቹ የተወሰኑት ብቻ ናቸው በሦስት አቅጣጫ ተስለው የተቀመጡት። ፕሮጀክታችሁ በቅርጽ ላይ የተመሠረተ ከሆነ ማጣሪያው ላይ «ሞርፎሎጂ ያለው» የሚለውን ቀድማችሁ ምረጡ፤ አለበለዚያ ሥራው ግማሽ ላይ ከደረሰ በኋላ የሴሎቻችሁ ቁጥር በአንድ ጊዜ ያሽቆለቁላል።

ድረ ገጹ ላይ የሚሠራው ሥራ ቀላል ነው። በዝርያ፣ በኮርቴክስ ንብርብር፣ በዴንድራይት (መልእክት ተቀባይ ቅርንጫፍ) ዓይነትና በአይጡ የዘር መስመር ማጣራት ይቻላል። የዴንድራይት ዓይነቱ ሦስት ነው፤ ስፓይን (በዴንድራይቱ ላይ የሚበቅል ትንሽ እሾህ መሰል ጉብታ) የበዛበት፣ ስፓይን የሌለው፣ እዚህም እዚያም ጥቂት ስፓይን ያለበት። አንድ ሴል ሲከፈት ከላይ ቅርጹ፣ ከታች የተላከለት ከረንትና የሰጠው ምላሽ ይመጣል። ከረንቱ በተለያየ መልክ ይላካል፦ 3 ሚሊሰከንድ የሚቆይ አጭር ምት፣ 1 ሰከንድ የሚቆይ ረጅም ምት፣ ቀስ እያለ የሚወጣ፣ እንዲሁም የተዘበራረቀ። ለጀማሪ የሚጠቅመው ረጅሙ ምት ስለሆነ ሌሎቹን ለጊዜው መተው ይቻላል።

ሁለት ሴሎችን ጎን ለጎን ከፍቶ ማየት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይገባዋል። አንዱ ከንብርብር 5 የተወሰደ ስፓይን የበዛበት ፒራሚዳል ሴል፣ ሌላው ከፓርቫልቡሚን መስመር (የፓርቫልቡሚን ጂን የሚሠራባቸው ሴሎች እንዲያበሩ ከተደረገ የአይጥ ዘር) የተወሰደ ስፓይን የሌለው ሴል ይሁን። ሁለቱም ላይ ስፓይክ ማውጣት ከጀመሩበት ከረንት ከፍ ያለውን ረጅም ምት ምረጡና አንዲት ስፓይክ ብቻ እስክትታይ ድረስ ሥዕሉን አጉሉት። የፒራሚዳሉ ስፓይክ ሽቅብ እንደ ቀስት ይወጣል፤ ሲወርድ ግን ዘገም ይላል፤ ቁልቁለቱ ሰፊ ነው። የፓርቫልቡሚኑ ሲወጣም ሲወርድም ይቸኩላል፤ ስፋቱ ከግማሽ ሚሊሰከንድ ያንሳል፤ ከወረደም በኋላ ከመነሻው በታች ጠልቆ ይገባና ወዲያው ይመለሳል። ምክንያቱ ኬቪ3 የሚባሉት የፖታሲየም ቻነሎች ናቸው፤ ፈጥነው ይከፈታሉ፣ ፈጥነውም ይዘጋሉ፤ ሴሉ ለሚቀጥለው ስፓይክ ቶሎ እንዲዘጋጅ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ሥዕሉን መልሳችሁ አሳንሱና ሙሉውን 1 ሰከንድ ተመልከቱ። ፒራሚዳሉ ላይ በስፓይኮቹ መካከል ያለው ርቀት እየሰፋ ይሄዳል፤ ፓርቫልቡሚኑ ላይ ግን ብዙም ሳይለወጥ ከመቶ በላይ ስፓይክ ሊደረደር ይችላል። ይህን በዓይኑ ያየ ተማሪ «አዳፕቴሽን» የሚለውን ኮለም ሲያገኝ ቁጥሩ ምን እንደሚለካ ያውቃል።

ከሁለቱ ቀጥሎ እንዲሁ በጂን ስም የተጠሩትን የሶማቶስታቲንና የቪአይፒ መስመር ሴሎችን ክፈቱ። ከሶማቶስታቲኖቹ ብዙዎቹ አክሶናቸውን (መልእክት የሚያወጣውን ቅርንጫፍ) ሽቅብ ወደ ንብርብር 1 የሚልኩ የማርቲኖቲ ሴሎች ናቸው። ቪአይፒዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ የመግቢያ ሬዚስታንሳቸው (ለሚገባው ከረንት ያላቸው ተቃውሞ) ከፍ ያለ ነው፤ ትንሽ ከረንት ይበቃቸዋል፤ ዴንድራይታቸውም ብዙ ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች የተዘረጋ ነው።

ከአምስት ኮከብ አራት ይገባዋል። አንዱ የተቀነሰው ድረ ገጹ አዲስ ገቢን ስለማያስጠነቅቅባቸው ጉዳዮች ነው፤ ቀጥሎ የሚዘረዘሩትም እነሱ ናቸው። ከእነዚያ በፊት ግን የማውረዱ ነገር።

ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ዋናው ዘዴ ምን ማውረድ እንደሌለበት ማወቅ ነው። የአንድ ሴል ሙሉ ቅጂ በአሥሮች አልፎም በመቶዎች በሚቆጠር ሜጋባይት ስለሚለካ ሁሉንም እናውርድ ማለት አይታሰብም። አያስፈልግምም። ኢንስቲትዩቱ ከእያንዳንዱ ቅጂ ያወጣቸውን መለኪያዎች በአንድ ሠንጠረዥ አስቀምጧቸዋል፤ ያ ሠንጠረዥና የሴሎቹ ዝርዝር አንድ ላይ ጥቂት ሜጋባይት ናቸው፤ በስልክ ሆትስፖትም ይወርዳሉ። ለመመደብ ሥራ እነሱ ይበቃሉ። ሙሉ ቅጂውን ለማሳያ ለሚሆኑ ጥቂት ሴሎች ብቻ አውርዱ፤ በሌሊት ጥቅል ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ አንድ ሰው ያወረደውን ፎልደር ማኒፌስት የሚባለውን ፋይል ጨምሮ በፍላሽ ለክፍሉ ያካፍል፤ ሌላው ተማሪ ፎልደሩን ካመለከተው ፕሮግራሙ እንደገና ኢንተርኔት ላይ አይወጣም።

ማውረጃው አለን ኤስዲኬ የተባለ የፓይተን ጥቅል ነው። ሁለት ነገር ያስቸግራል። አንደኛው፣ ጥቅሉ ከተወሰኑ የነምፓይና የፓንዳስ ቅጂዎች ጋር ብቻ ስለሚስማማ፣ ላፕቶፑ ላይ ባለው አዲስ ፓይተን ላይ ሲጫን ይጋጫል ወይም ሌሎች ሥራዎችን ያበላሻል። ለብቻው ኢንቫይሮመንት ፈጥሮ እዚያ ውስጥ መጫን ነው መፍትሔው። ሁለተኛው የመብራት ነው። ሙሉ ቅጂ እየወረደ ሳለ መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑ ድንገት ከተዘጋ፣ ግማሹ የወረደ ፋይል በቦታው ይቀራል። ፕሮግራሙ በሚቀጥለው ጊዜ ፋይሉ መኖሩን እንጂ ሙሉ መሆኑን አያይም፤ ስለዚህ ዳግመኛ ሳያወርድ ሊከፍተው ይሞክርና ፋይሉ እንደተቆረጠ የሚናገር ስሕተት ያወጣል። ጥቅሉን ነቅሎ መልሶ መጫን አይፈይድም። የሴሉ መለያ ቁጥር ያለበትን ፎልደር ከፍቶ ያንን ፋይል ማጥፋትና ትእዛዙን መድገም ብቻ ነው።

ሠንጠረዡ ከተገኘ በኋላ የሚመከረው አካሄድ ይህ ነው። በመጀመሪያ የአይጥና የሰው ሴሎችን ለዩ። አንድ ላይ ከተተነተኑ በሁለቱ ዝርያዎች መካከል ያለው የመጠንና የሌላም ጠባይ ልዩነት ከዓይነት ልዩነት ጋር ይደባለቅና፣ የወጣው ምድብ ኒውሮንን ይሁን ዝርያን እንደለየ ማወቅ ያቅታል። ቀጥሎ የስፓይኩን የመውጫና የመውረጃ ፍጥነት ሬሾ በአንድ ዘንግ፣ ከስፓይኩ በኋላ ያለውን ፈጣን ጥልቀት በሌላው ዘንግ አድርጋችሁ ነጥቦቹን በዴንድራይት ዓይነት ቀለም ስጧቸው። ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ሥዕል የለም፤ ስፓይን የበዛባቸው ሬሾው 3 አካባቢና ከዚያ በላይ ወደሚሆንበት፣ ስፓይን የሌላቸው ደግሞ ሬሾው ወደሚያንስበትና ጥልቀቱ ወደሚብስበት ጎን ተሰባስበው ይታያሉ። ድንበሩ ላይ የሚደባለቁት ሴሎችም ትምህርት ናቸውና አትሰርዟቸው።

ምድብ በኮምፒውተር ለማውጣት ሲታሰብ አንደኛው ወጥመድ የመለኪያ አሃድ ነው። የመግቢያ ሬዚስታንስ በሜጋኦም መቶዎች ይደርሳል፤ የስፓይክ ሬሾው ከ1 እስከ 4 አካባቢ ያለ ትንሽ ቁጥር ነው። ሳይስተካከሉ ወደ ኬ-ሚንስ (በመካከላቸው ባለው ርቀት ነጥቦችን ወደሚመድብ ስልት) ከገቡ ርቀቱን የሚወስነው ሬዚስታንስ ብቻ ይሆናል፤ ዋናው መለያ የነበረው ሬሾ ድምፁ አይሰማም። ስለዚህ ወደ አንድ ጎን የተንሻፈፉትን እንደ ሬዚስታንስና የጊዜ ቋሚ ያሉትን በሎጋሪዝም፣ ከዚያ ሁሉንም በዜድ-ስኮር (አማካዩን ቀንሶ በስታንዳርድ ዴቪዬሽን በማካፈል) ማስተካከል ግዴታ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ባዶ ቦታዎች ናቸው። አዳፕቴሽንን ለማስላት በቂ ስፓይኮች ስለሚያስፈልጉ፣ ጥቂት ስፓይክ ብቻ ያወጣ ሴል በዚያ ኮለም ባዶ ሊሆን ይችላል። ባዶ ያለበትን ረድፍ ሁሉ የሚሰርዝ ሰው ሳያውቀው እነዚያን ሴሎች ከጥናቱ ያስወጣል፤ ቀሪው ሠንጠረዥ ንጹሕ ይመስላል እንጂ የተዛባ ነው። ባዶው የበዛበትን ኮለም መተው፣ ረድፎቹን ግን ማቆየት ይሻላል።

ሦስተኛው፣ ኬ-ሚንስ 10 ምድብ ስጠኝ ከተባለ ይሰጣል፤ 30 ከተባለም እንደዚሁ። በውኑ ምድብ መኖሩን አይጠይቅም። ማረጋገጫው አድካሚ ቢሆንም ቀላል ነው፦ ከሴሎቹ 80 በመቶውን በዕጣ እየወሰዱ ደጋግሞ መመደብና አብረው የሚወጡት ሴሎች አብረው መቆየታቸውን ማየት። በተጨማሪም እያንዳንዱን ኮለም ለየብቻው በውዞ በዚያ የተዘበራረቀ ሠንጠረዥ ላይ ያንኑ ሥራ መሥራት፤ የሲሉዌት ውጤቱ (ምድቦቹ ምን ያህል እንደተለያዩ የሚለካው ቁጥር) ከእውነተኛው ብዙ ካልራቀ ምድቡ የለም። ስፓይን ባላቸውና በሌላቸው መካከል ያለው ልዩነት ይህን ፈተና ያልፋል፤ ፈጣኖቹ ፓርቫልቡሚኖችም ከሌሎቹ ይለያሉ። ከዚያ በታች መስመሮቹ እየደበዘዙ ይሄዳሉ። ባለሙያዎቹ ራሳቸው በ2019 ባወጡት ጥናት የአይጥን የእይታ ኮርቴክስ በኤሌክትሪክ 17፣ በቅርጽ 38፣ ሁለቱን አጣምረው 46 ዓይነት አድርገውታል። ያው ሥጋ በለኪው ልክ የተለያየ ቁጥር ሰጠ ማለት ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ «ኒውሮኖች ይህን ያህል ዓይነት ናቸው» ብሎ በየትኛው መለኪያ እንደሆነ ሳይገልጹ መጻፍ ይህን አለማስተዋል ነው።

አሁን ወደ ጂን ፍንጩ። የክሬ መስመር የሚባለው አይጥ የተወሰነ ጂን የሠራበትን ሴል ቀይ እንዲያበራ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው፤ ተመራማሪው ፒፔቱን የሚያበራው ሴል ላይ ያሳርፋል። ስለዚህ «ፓርቫልቡሚን መስመር» ማለት ሴሉ የመጣበት አይጥ ስም እንጂ የሴሉ ዓይነት አይደለም። ከፓርቫልቡሚን መስመር አንዳንድ የንብርብር 5 ፒራሚዳል ሴሎችም ያበራሉ፤ ከሶማቶስታቲን መስመር ደግሞ ፈጣን ስፓይክ የሚያወጡ ሴሎች ይገኛሉ። ከሁሉ የሚብሰው ግን ይህ ነው፦ ዳታቤዙ ውስጥ ከእነዚሁ አይጦች ሆን ተብሎ የተቀዱ የማያበሩ ሴሎችም አሉ። ሪፖርተር ስቴተስ የሚለው ኮለም «ፖዘቲቭ» ወይም «ኔጋቲቭ» እያለ ይለያቸዋል። ይህን ኮለም ሳያይ የመስመሩን ስም እንደ መልስ ወስዶ ሞዴል የሚያሠለጥን ሰው ፒራሚዳሉን ፓርቫልቡሚን ነህ እያለ ያስተምረዋል፤ ከዚያ ሞዴሉ ለምን ተሳሳተ ብሎ ይጨነቃል። መጀመሪያ «ፖዘቲቭ» የሆኑትን ብቻ ማስቀረት፣ ከዚያ የዴንድራይቱን ዓይነት ማመሳከር ያስፈልጋል።

ከሞዴል ጋር የሚያያዝ ሌላም አለ። ከአንድ እንስሳ ወይም ከአንድ ሰው ብዙ ሴል ሊቀዳ ይችላል፤ እነዚያ ሴሎች ዕድሜያቸው፣ የቀኑ ፈሳሽ፣ የቁራጩ ጤንነት አንድ ነው። ግማሹ በማሠልጠኛው፣ ግማሹ በመፈተኛው ውስጥ ከገባ ውጤቱ ያለአግባብ ያምራል። ክፍፍሉ በሴል ሳይሆን በዶነር (ሴሉ በተወሰደበት እንስሳ ወይም ሰው) መለያ ቁጥር መሆን አለበት።

ብዛትን በሚመለከት ዳታቤዙን ምንም አትጠይቁት። በአይጥ ኮርቴክስ ከኒውሮኖቹ 80 በመቶ ያህሉ አነሣሽ፣ 20 በመቶ ያህሉ ገቺ ናቸው ተብሎ ይታሰባል፤ እዚህ ውስጥ ግን ገቺዎቹ ሆን ተብለው ስለተፈለጉ ከድርሻቸው በላይ በዝተዋል። ከዚህ ቆጥሮ የአንጎልን ድርሻ መናገር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ላይ የተደረደረውን ቆሮሶና አምባዛ ቆጥሮ ሐይቁ ውስጥ ያለው ይህን ያህል ነው እንደማለት ነው፤ የወጣው መረቡ የያዘው ነው። ሌላው የማይመለሰው ጥያቄ ሴሉ አክሶኑን ወዴት ይልካል የሚለው ነው። ከ350 ማይክሮሜትር ቁራጭ ውስጥ ሩቅ የሚሄድ አክሶን ተቆርጦ ስለሚቀር፣ የፒራሚዳል ሴሎቹ ሥዕል በዋናነት ዴንድራይት ነው። በአካባቢው አክሶናቸውን የሚዘረጉት ገቺዎቹ ይሻላሉ። ፒራሚዳሎቹን በአክሶን ርዝመት ለመመደብ የሚሞክር የሚለካው የቢላውን ቦታ ነው።

ቮልቴጅ ከሌላ ላቦራቶሪ ውጤት ጋር ሲነጻጸርም ሙቀቱን ማየት ያስፈልጋል። በክፍል ሙቀት የተቀዳ ስፓይክ በ34 ዲግሪ ከተቀዳው ይሰፋል፤ ልዩነቱ የሴል ዓይነት አይደለም።

ቅርጽ ብቻ ለሚፈልግ ኒውሮሞርፎ የተባለው ማኅደር አለ። ከብዙ ላቦራቶሪዎችና ከብዙ እንስሳት የተሰበሰበ ስለሆነ ስፋቱ ይበልጣል፤ ነገር ግን ላቦራቶሪዎቹ አሣሣላቸው ስለሚለያይ አንድ ወጥ ማነጻጸሪያ አይሆንም። ሦስቱንም ማስረጃ በአንድ ሴል ላይ ለሚፈልግ ደግሞ ያው ኢንስቲትዩት ፓች-ሴክ በሚባለው ዘዴ የሠራው አለ፤ ቅጂው ካለቀ በኋላ የሴሉ ውስጥ በዚያችው ፒፔት ተስቦ ጂኖቹ ይነበባሉ። በ2020 የወጣው ሥራ ከ4,200 በላይ ገቺ ሴሎችን ይዞ ወደ 28 ዓይነት አድርሷቸዋል። የሴሎቹ ስም የመጣው ከጂኑ ንባብ እንጂ ከአይጡ ስም ስላልሆነ ለማሠልጠኛ መልስ የሚታመነው ይህ ነው።

ጂኑን ብቻ ይዞ መላውን የአይጥ አንጎል ማየት የሚፈልግ በ2023 የወጣውን የአንጎል ሴል አትላስ ይክፈት። 4 ሚሊዮን ያህል ሴል ተነቦ በ34 ክላስ፣ በ338 ንዑስ ክላስ፣ በ1,201 ሱፐርታይፕና በ5,322 ክላስተር ተደርድሯል። የጂን ማትሪክሶቹ ግን በጊጋባይት የሚቆጠሩ ስለሆኑ ሀዋሳ ላይ ለማውረድ አትነሡ። የሴሎቹን ዝርዝርና የክላስተሮቹን ስም የያዙት ሠንጠረዦች ለብቻቸው ይገኛሉ፤ ለክፍል ሥራ እነሱንና ብራውዘር ላይ የሚታየውን ካርታ መጠቀም ይበቃል።